ሌሎች ያሰመሩት ድንበር፣ እኛ ያጠርነው ወሰን

የአፍሪካን መከፋፈል ስናነሳ ጣታችን ወደ ቅኝ ገዢዎች ይቀሰራል። እውነትም አለን፤ እንግሊዝ በ1889 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተዋዋለችው ድንበር የሶማሌን አርብቶ አደር ለሁለት ከፍሎታል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ካይሮ ላይ ድንበሮች ባሉበት ይቆዩ ቢልም፣ ቅሬታው በ1969 ጦርነት ሆነ።

ለእኛ፣ ከቦኬ እስከ ሚኤሶ ላለን የምዕራብ ሐረርጌ ሰዎች፣ ይህ ብቻ በቂ መልስ አይደለም። በ2010 በመቶ ሺዎች ያፈናቀለው ግጭት የተነሳው በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ነው። ያን ወሰን ቅኝ ገዢ አላሰመረውም፤ የ1997ቱ ሕዝበ ውሳኔም ውዝግቡን አልቋጨውም። በሁለቱም ወገን የተፈናቀለው አብዛኛው ሰው ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግድ ነበር።

ጥፋቱ ለአስተዳደር የተሰመረውን የወንድማማችነት አጥር ማድረጋችን ነው። ሱረቱል ሑጁራት ጎሳ መተዋወቂያ መሆኑን ያስተምረናል። ዑለማዎቻችንና ሽማግሌዎቻችን ግጦሹን፣ ውሃውንና ገበያውን የጋራ ካላደረጉ፣ ቅኝ ገዢን መውቀስ ብቻውን አንድ አያደርገንም።