ሂሳብ ምን ይሠራል?

ልጆቻችን «ካምፕ ውስጥ ሂሳብ ምን ይሠራልናል?» እያሉ ያፋጥጡናል። እኛም የሱዳኑን ድንጋይ እንነግራቸዋለን።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2008 አሪዞና ያለ ቴሌስኮፕ አራት ሜትር ያህል ስፋት ያላት አስትሮይድ አየ። ፀሐይን በዓመት ተኩል ገደማ የምትዞር ነበረች። ሊቃውንቱ ምህዋሯን ሲያሰሉ በማግስቱ ሱዳን ላይ እንደምትወድቅ አወቁ። አስትሮይድ ሳይወድቅ አስቀድሞ ሲታወቅ ያ የመጀመሪያው ነው። እንዳሉትም ጎህ ሲቀድ ከኑቢያ በረሃ በላይ፣ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፈነዳች።

በዲሴምበር የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋር ጎን ለጎን ተሰልፈው በረሃውን አሰሱ፤ ጥቁር ጥቁር ስብርባሪዋንም ለቀሙ። በአካባቢው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም «አልማሃታ ሲታ»፣ ማለትም ጣቢያ ስድስት፣ ተባለች።

የት እንደሚፈልጉ የነገራቸው ሂሳብ ነው። ልጆች፣ ነገ ደብተራችሁን እንዳትረሱ!