ፍሬኑ እምቢ ሲል ተጠያቂው ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቡና ጠርተውኝ ነበር። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይቀዳ፣ «አንተ ከሕግ ጋር ስለምትውል አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ሥራው ትልቁን ተሳቢ መኪና ማሽከርከር ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ሲያወራቸው፣ የሚነዳው መኪና ፍሬን እንደሚያሠጋው፣ አለቃው ግን «ይኼን ጭነት አድርስና ስትመለስ እናሠራዋለን» እንዳለው ነገራቸው። እሱ እንደዋዛ ነው ያነሣው። እናት ግን እንደዋዛ አልሰሙትም።

«እንቅልፍ አጣሁ» አሉኝ። «እንዲያው አያድርገውና አንድ ነገር ቢፈጠር፣ የሚጠየቀው ልጄ ነው ወይስ ባለመኪናው?»

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ዛሬ በአሜሪካ ስንትና ስንት ልጆቻችን ኑሯቸውን የመሠረቱት በዚሁ በከባድ መኪና ሥራ ላይ ነው። እዚህም ቢሆን ልጁ ሲኖትራክ ወይም ቦቴ የሚነዳ፣ አለዚያም በአጠገባቸው እየተሳቀቀ የሚያልፍ ልጅ ያለው ወላጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ለጎረቤቴ የነገርኳቸውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ከሚኖርበት ከተማ አጠገብ የደረሰ፣ ዓለም ያወቀው አንድ አደጋ አለ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ጸሎተ ሐሙስን እያከበርን ነበር። ከኮሎራዶ ተራሮች ወደ ዴንቨር በሚወርደው «አይ 70» በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ እንጨት የጫነ ተሳቢ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለ። ከፊት ለፊቱ፣ ሌክውድ በሚባለው ከተማ፣ መኪኖች በሌላ ግጭት ምክንያት ተሰልፈው ቆመው ነበር። ተሳቢው ሰልፉ ውስጥ ገባ። 28 መኪኖች ተጋጩ፤ እሳት ተነሣ፤ አራት ሰዎች ሞቱ።

ሾፌሩ የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከኩባ የመጣ ስደተኛ። መጠጥም ሆነ አደንዛዥ ዕፅ አልተገኘበትም። እሱም አልካደም፤ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ነው ያለው። ዐቃቤ ሕግ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ፦ ፍሬኑ መጋሉን ካወቅህ በኋላ ምን አደረግህ? በዚያ ቁልቁለት ዳር ፍሬን ለጠፋበት ከባድ መኪና ተብሎ የተሠራ፣ ሽቅብ የሚወጣ የጠጠር ማምለጫ መንገድ አለ። ሾፌሩ እሱን አልፎት ሄዷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የዳኞች ሸንጎ በ27 ክሶች ጥፋተኛ አለው። በታኅሣሥ ወር 110 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

አዎ፣ መቶ አሥር ዓመት። ዳኛው ራሳቸው ምርጫ ቢኖራቸው ይህን እንደማይፈርዱ ተናግረዋል። የአገሩ ሕግ ግን በአንዳንድ ክሶች ላይ ቅጣቶቹ እንዲደመሩ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲጀምር ያስገድዳል። አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ፊርማ አሰባሰበ። በዚያው ወር የኮሎራዶ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉት። ከሟቾች ቤተሰቦች መካከል በዚህ ያዘኑና የተቆጡ ነበሩ። በእነሱ ሊፈረድ አይችልም፤ ከቤቱ የወጣ ሰው አልተመለሰላቸውም።

ጎረቤቴ እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «የመኪናው ባለቤትስ?»

ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ኩባንያው ከአደጋው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በቁጥጥር ወቅት 30 ያህል ጉድለት ተመዝግቦበት ነበር፤ የፍሬን ጉድለትም አለበት። በወንጀል ችሎት ቆሞ የተፈረደበት ግን ሾፌሩ ነው፤ ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንይ። አንደኛው የወንጀል ተጠያቂነት ነው። መንግሥት «ማን አጠፋ?» ብሎ የሚጠይቅበት፣ መጨረሻው እስር ቤት የሆነ ነው። እሱ የሚፈልገው መሪውን የያዘውን እጅ ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት የወሰነው እሱ ነው። ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ተጠያቂነት ነው። እዚያ የሚጠየቀው «ጉዳቱን ማን ይክፈል?» ተብሎ ነው። እዚህ ሾፌሩ የሰንሰለቱ ጫፍ ብቻ ነው። ከኋላው ቀጣሪው አለ፤ ፍሬኑን የጠገነው ጋራዥ አለ፤ ጭነቱን ያስጫነው አለ፤ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ጉድለት ከነበረበት አምራቹም አለ። በአሜሪካ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ቀጣሪው ካሳ ይከፍላል። ከዚህም በላይ፣ ፍሬን የማይዝ መኪና እያወቀ መንገድ ላይ ያወጣ ኩባንያ በራሱ ጥፋትም ይከሰሳል።

ገንዘቡስ ይበቃል ወይ? የፌዴራሉ ሕግ ተራ ጭነት የሚጭን ከባድ መኪና ቢያንስ የ750,000 ዶላር መድን እንዲኖረው ያዝዛል። ይህ መጠን የተወሰነው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው፤ እስካሁንም አልተነሣም። አራት ሟችና ብዙ ቁስለኛ ባለበት አደጋ ይህ ገንዘብ ተከፋፍሎ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ እናንተው አስሉት። ስለዚህ ጥሩ ጠበቃ የሚደክመው ሾፌሩን ለማሳሰር አይደለም፤ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ስቦ ሌሎቹንም ለማግኘት ነው። ለዚህ ደግሞ መፍጠን አለበት። እሳት ማስረጃ ይበላል፤ ከእሳቱ የተረፈውን ደግሞ ጊዜ ይበላዋል። ለምሳሌ ሾፌሩ ስንት ሰዓት እንደነዳ የሚያሳየውን መዝገብ ኩባንያው እንዲያስቀምጥ የሚገደደው ለስድስት ወር ብቻ ነው። በኮሎራዶ የሟች ቤተሰብ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ የላክሁለት መልእክት ይህን ይመስላል። አንደኛ፣ መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑን ሾፌሩ ሳያረጋግጥ እንዳይነዳ ሕጉ ያዝዛል፤ ስለዚህ «አለቃዬ ንዳ አለኝ» የሚለው በወንጀል ችሎት አያድነውም። ሁለተኛ፣ ለደኅንነት የሚያሰጋ መኪና አልነዳም ያለን ሾፌር ማባረር የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ ከተባረረ በ180 ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ አቤት ማለት ይችላል። ሦስተኛ፣ ጉድለቱን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ቅጂውንም ይያዝ። አራተኛ፣ መኪናው የራሱ ከሆነና በራሱ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ፣ ሾፌሩም ኩባንያውም እሱው ነው፤ ሰንሰለቱ በሙሉ እሱ ቤት ያበቃል። አምስተኛ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ከጅምሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ላይ ብቻ አይደገፍ። የማምለጫው መንገድ ሲታይ ደግሞ አያመንታ። እዚያ ገብቶ የተሰበረ ተሳቢ ይጠገናል።

ይህን የመጨረሻውን የኛ አገር ሾፌሮች ያውቁታል። በዓባይ በረሃ ወደ ድልድዩ ሲወርዱ፣ በጣርማ በር ሲያሽቆለቁሉ የጋለ ፍሬን ሽታ ያልሸተተው መንገደኛ ማን አለ? እንግዲህ ያ አደጋ እዚህ ቢደርስስ?

በወንጀል በኩል፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ሾፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ጥሶ ከሆነ፣ ቅጣቱ ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው።

በካሳ በኩል ግን የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለተጎጂ ይራራል። በቁጥር 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እሱ ራሱ ባይነዳውም፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው ነፃ የሚወጣው። «እኔ ጥፋት የለብኝም»፣ «ፍሬኑ በድንገት ነው የጠፋው» የሚለው መከላከያ አያድነውም፤ ጉዳቱ በከፊል ወይም በሙሉ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት መሆኑን ካስረዳ ግን ኃላፊነቱ ይቀልለታል ወይም ይቀርለታል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ ሕጉ ሲጀመር ጉዳቱን ለሁለቱ ባለቤቶች እኩል ያካፍላል፤ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ይህ ይቀራል። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ካሳ መጠየቅ የሚችለው ማን ነው? የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ናቸው። አያቶችም አሉበት፤ ሕጉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚቆጠሩ ዘመዶችን ነው የሚለው። ልጃችሁ ይረዳችሁ ከነበረ የላከበትን የባንክ ደረሰኝ አትጣሉ። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በዚያው ሕግ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለሐዘንተኛ የአንድ ቀን ቁርስም አይበቃም። ይህ ሊሻሻል የሚገባው ነገር መሆኑን ያልተናገረ የሕግ ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል።

የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ገጭቶ ያመለጠው ካልታወቀ ወይም መኪናው መድን ከሌለው ተጎጂው ወደ መድን ፈንድ መሄድ ይችላል። የመድኑ ክፍያ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የሚተርፈውን ጉዳት ግን ከባለንብረቱ መጠየቅ አይከለከልም። ብዙ ቤተሰብ የመድኑን ገንዘብ ተቀብሎ ነገሩ አለቀ ብሎ ይተወዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማየውን ስህተት ልንገራችሁ። ቀብር በዋለ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ይመጣል። ባለመኪናው ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ይዞ፣ እንባውን እያፈሰሰ። ሽምግልናው ክፉ አይደለም፤ የደም ነገር በእርቅ ማለቁ የአባት ነው። ነገር ግን በመጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ይወጣል፤ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም» ይላል። ሐዘንተኛ በዚያ ሰዓት ምን ያነባል? ይፈርማል። ከዓመት በኋላ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ ወረቀቱ ፊቱ ይቆማል። ስለዚህ እርቁን ተቀበሉ፤ ሽማግሌውን አክብሩ፤ ፊርማውን ግን ከአርባው በኋላ አድርጉት፤ ያኔም አንድ የሕግ ሰው አይቶት ይሁን። እርቁ የዐቃቤ ሕግን ክስ እንደማያስቀርም እወቁ።

ሁለተኛው ስህተት መዘግየት ነው። ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ለካሳውም ያው ረጅሙ ይሠራል፤ ግን በዚህ ተማምናችሁ አትቀመጡ። «የወንጀሉ ክስ ይለቅና» ብሎ መጠበቅም ግድ አይደለም። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ የካሳውን ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሐዘን ላይ ያለው ቤተሰብ ሳይሆን አንድ ቆፍጠን ያለ ዘመድ እነዚህን ይያዝ፦ የታርጋ ቁጥሩን፣ የመድኑን ድርጅት ስም፣ የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩን፣ ያዩ ሰዎችን ስልክ፣ የሐኪም ማስረጃውንና የሕክምና ደረሰኞችን። ከዚያም የሞት የምስክር ወረቀቱንና ዝምድናችሁን የሚያሳየውን ማስረጃ አውጡ። ለቀስተኛ ሲበዛ ሥራ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ይህን ሥራ ስጡት።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፣ «ታዲያ መልሱ ማን ሆነ?» አሉኝ። «ካሳው የባለመኪናው ነው፤ እስሩ ግን የልጅዎ ይሆናል» አልኳቸው።

ወዲያው ስልካቸውን አነሱ። እዚያ ገና ማለዳ ነበር። ልጃቸው በእንቅልፍ ድምፅ «እማዬ፣ ምነው? ደህና አይደላችሁም?» አለ።

«ደህና ነን። ያ መኪና ፍሬኑ ተሠራ?»

«ነገ...»

«ነገ አትበለኝ። ሳይሠራ እንዳትነካው። ሥራ ቢያባርሩህ እኔ ጋ ትበላለህ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ እማዬ፣ ዛሬ በጽሑፍ አመለክታለሁ» አላቸው። እሳቸውም ስልኩን አስቀምጠው ሦስተኛውን፣ በረካውን፣ ቀዱልኝ።