የእንጦጦው የጭቃ ቤተ መንግሥትና የእኛ እድር ቤት



በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የእድር ቤታችን እድሳት መሆኑ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ታይቷል። የታሰበው የጭቃውን ግድግዳ በሽቦ ወንፊት ወጥሮ በሲሚንቶ መለሰን፣ ከዚያም ቀለም መቀባት ነው። «ሰው ሁሉ በብሎኬት ሲሠራ እኛ እስከ መቼ በጭቃ ቤት እንሰበሰባለን?» የሚል ወሬም በየደጁ ይሰማል። ይህ ጸሐፊ በሐሳቡ አይስማማም። ለምን ቢባል፣ ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቀና ብሎ ወደ ተራራው ማየት ነው።

እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የዳግማዊ አጤ ምኒልክ ግቢ ከእኛ መሀል ያልረገጠው ጥቂት ነው። ለንግሥ እንወጣለን፣ ጠበል እንቀምሳለን፣ ልጆቹን ፎቶ እናነሣለን፣ እንወርዳለን። ግን ስንቶቻችን ነን ቤቱን እንደ ቤት ያየነው? ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት ሰው ግቢ እኮ በእንጨት የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በነጭ የተቀባ፣ ሣር የለበሰ ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል የጎንደር ግንብ፣ ቅርስ ሲባል ላሊበላ ብቻ ትዝ የሚለን ሰዎች፣ እዚያ ደርሰን «ይሄ ነው እንዴ?» ብለን እንመለሳለን። አዎ፣ ይሄው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የክረምት ዝናብና የእንጦጦን ብርድ ችሎ የቆመ የአገር ሰው ሥራ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት የሚቆመው በዘዴ ነው። ጣራው ሾጠጥ ብሎ የሚወርደው ውሃው ሣሩ ላይ ሳይቆይ ቶሎ እንዲንሸራተት ነው። ታዛው ወደ ውጭ ረዘም የሚለው ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታው ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ቀናት አድሮ እስኪብላላ ይጠበቃል፤ ያልበሰለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል። ቋሚው ደግሞ በዚያ ዘመን ምስጥም እርጥበትም ቶሎ የማይደፍረው የአገራችን ጥድ ነበር። ከውስጥ ምድጃው ሲጨስ ጢሱ ወደ ጣራው ወጥቶ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ነቀዙንም ያባርራል። የእናቶቻችን ጎጆ ጣራ በጥላሸት የጠቆረው ስለ ድህነት ብቻ አልነበረም። ለዚህም ነው ሰው የማይኖርበት፣ እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ከሚኖርበት ቀድሞ የሚበሰብሰው። ሙዚየም የሆነ የሣር ቤት ትልቁ ችግሩ ይኸው ነው፤ ጢስ የለውም፣ ስለዚህ ክዳኑ ቶሎ ቶሎ መታየትና መለወጥ አለበት።

መቼም ሥራውን ስናነሣ የምናመሰግነው አናጢውን ነው። ግድግዳ የሚለቀልቁት፣ ጭቃውን በእጃቸው የሚያለሰልሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ። በየትኛውም ግቢ በር ላይ ይህን የሚናገር ጽሑፍ አላየሁም።

ጥድ ካነሣን አይቀር፣ እንጦጦን ያራቆተውም ይኸው ቤት መሥራትና ማገዶ ነው። ብርዱና የእንጨቱ እጥረት ተጨምሮ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ፣ ወደ ፍልውሃው ሜዳ፣ ሰው ወረደ። በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ መጣና ተራራውን እንደገና አለበሰው። ዛሬ ለጥገና የምናገኘው እሱን ነው፤ ያልታከመ ባሕር ዛፍ ደግሞ መሬት ውስጥ የጥድን ያህል አይቆይም። ስለዚህ የቆየ የጥድ ቋሚ ያለው ቤት በእጁ የያዘ ሰው መልሶ የማያገኘውን ነገር ይዟል ማለት ነው።

ወደ እድር ቤታችን እንምጣ። ቋሚዎቹ ጥድ ናቸው፤ ያላመነ ይምጣና ይይ። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ በክረምት የጠጣውን በበጋ ይተፋል። በሲሚንቶ ስናሽገው ከሥር የሚገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ሲሚንቶውም ከጭቃው ጋር ስለማይዋደድ እየለቀቀ ባዶ ይሆናል። ከውጭ ያማረ መስሎ ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል። ችግሩ የሚታወቀው ግድግዳው ሲዘም ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡም ቤቱም የሉም።

«ጭቃ በየዓመቱ ሥራ ይፈልጋል» ለሚሉት፣ እውነት ነው፣ ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ግን አርባ ሰው ቢወጣ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለሲሚንቶው ከእያንዳንዱ አባል ሊዋጣ የታሰበው ገንዘብ ተቀምጦ፣ ለአሸንዳና ከሥር ለሚሠራ የድንጋይ ልባስ ቢውል ቤቱን የበለጠ ይጠቅመዋል። ግድግዳውን የሚጎዳው ከቆርቆሮው እየተንጠባጠበ ከሥር የሚፈነጥቀው ውሃ ነውና።

ሌላም ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የሆነ ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይታደስ ደንግጓል። እድር ቤታችን ይመዝገብ አይመዝገብ ኮሚቴው መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ሄዶ ይጠይቅ። መጠየቅ አያስከፍልም።

በበኩሌ ለስብሰባው የማቀርበው ይህንን ነው፦ የሲሚንቶው ውሳኔ ይቆይ። በሠፈራችን ጭቃ ማብሰልና መለቅለቅ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ስማቸው ይመዝገብ፤ እነሱ እያዘዙ ወጣቶቹ ይርገጡ። ዝናቡ ካቆመ፣ የጤፉ አዝመራም ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ጭድ በቅናሽ ይገኛል። ጭድ የሚያመጣ ዘመድ ያለው ከአሁኑ ለእድሩ ጸሐፊ ይንገር።