ጉበትና የቅጠል መድኃኒት

በአገራችን መርዝ ነካኝ ለሚል ሰው የሚታዘዝለት ቅጠል ታጥቶ አያውቅም። አንዱ ጤና አዳም፣ አንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላው ደግሞ እርድ በማር ለውሰህ ዋጥ ይለዋል። ዛሬ ለዚህ ልማድ የሳይንስ ካባ የሚደርቡለት ሰዎች ተነሥተው፣ «ከዕፀዋት የሚወጣው ንጥረ ነገር ጉበትን ከኬሚካል መርዝ ይጠብቃል» ይላሉ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሚነገረው ግማሹ ስለ ሆነ የቀረውን እኔ ለማለት እወዳለሁ።

በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅል አንድ እሾኻም ተክል አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የጀርመን ኬሚስቶች ከፍሬው ሲሊማሪን የሚባለውን ለይተው አጠኑ። በአውሮፓ መርዘኛ እንጉዳይ በልቶ ለሚመጣ ሕመምተኛ ሐኪሞች ከዚሁ የተዘጋጀውን መድኃኒት በደም ሥር ይሰጡታል፤ የእንጉዳዩ መርዝ ወደ ጉበት ሕዋስ የሚገባበትን በር ይዘጋልና። ይህም የሚሆነው በሆስፒታል፣ በተለካ መጠንና መርዙ ታውቆ ነው። ያው ሲሊማሪን በእንክብል ተደርጎ በአሜሪካ የጉበት ቫይረስ በያዛቸው 154 ሕመምተኞች ላይ በተፈተነ ጊዜ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ መድኃኒቱን የዋጡት ባዶውን እንክብል ከዋጡት አልተሻሉም።

ስለ አይጦችም ብዙ ይወራል። ለአይጧ ቅጠሉ አስቀድሞ ይሰጣትና መርዙ በኋላ ይከተላል፤ ጉበቷም ሳይጎዳ ይቀራል። ለመሆኑ በጀርባው የመርጫ ዕቃ አዝሎ ያለ ጓንት ከጧት እስከ ማታ የሚረጨው ገበሬ እንደ አይጧ በቀጠሮ ይመረዛልን?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቅጠል የተባለ ሁሉ የጉበት ወዳጅ መስሎ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በትግራይ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ አንድ መንደር ሆድ የሚያሳብጥና የሚገድል የጉበት በሽታ ታየ። ምንነቱ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ ቆየ። መርማሪዎች እህሉን ሲፈትሹ ያገኙት የአረም መርዝ ነው፤ የተጠረጠረውም ከሰብል ጋር የሚበቅለው አጌራተም የሚባል ትንሽ አበባ ያለው አረም ነው። ዲዲቲም ጉዳቱን ሳያግዝ አልቀረም ያሉ አሉ።

የዚህ ዐይነቱ የአረም መርዝ ሲበላ ገና አደገኛ አይደለም። ጉበት ጉበትነቱን ሊሠራ፣ ማለት መርዙን ለውጦ ሊያስወጣ ሲሞክር፣ ራሱ ወደ ባሰ መርዝ ይለውጠዋል፤ ያም በጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋል። እንግዲህ ጉበትን የሚያበረታ ቅጠል እንስጠው የሚል ሰው የትኛውን ሥራውን ሊያበረታው ነው?

እርድንም ቢሆን በወጥ ውስጥ የሚነካው የለም። ዳሩ ግን በእንክብል ታጭቆ፣ ብዙ ጊዜም ሰውነት እንዲቀበለው ከቁንዶ በርበሬ ቅመም ጋር ተደርጎ ሲዋጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበው ታትመዋል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ስለ ቅጠል የምናባክነውን ወሬ ወደ ጎተራው ብናዞረው ይሻላል። የፀረ ተባይ ጀሪካን ታጥቦ የመጠጥ ውሃ መቅጃ የሚሆንበት ቤት አለ፤ የነቀዝ መድኃኒት በእጅ የሚዛቅበትም አለ። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በመጪው የመኸር ወራት ከየአካባቢያችን ማሳ አረሞችን ከነዘራቸው ቢለቅም፣ ገበሬዎች በሚጠሩበት ስም ቢመዘግብ፣ ዘሩንም ከጤፍና ከዳጉሳ ዘር አጠገብ በወረቀት ላይ ለጥፎ በገበያ ቀን ቢያሳይ፣ እህል የምታበጥረው እናት የትኛውን አንጓላ እንደምትጥል በዐይኗ ታያለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙጫ፣ ወረቀትና ሁለት ቅዳሜ ነው።