ከቤተሰብ ጋር ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ውሻ የሚያስፈልገው የጤና ወረቀት

ለመንግሥት ሥራ፥ ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተሰብ ስለ ፓስፖርቱ፥ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤትና ስለ ጓዙ አስቀድሞ ያስባል። በግቢው ውስጥ ከልጆቹ ጋር ስላደገው ውሻ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጓዙ ከታሰረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ልጆች ያለቅሳሉ፤ አባትም ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ በመጨረሻም ውሻው ለጎረቤት ወይም ለዘበኛ ተሰጥቶ ይቀራል። ይህም የሚሆነው ቀን አስቀድሞ ባለመቆጠሩ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የወረቀቱን ሥርዓት ከነምክንያቱ ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የባዕዳን መንግሥታት ስለ አንድ ውሻ ይህን ያህል የሚጠነቀቁበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። የሚፈሩት የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞቱበታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው ከመቶ እጅ እስከ 99 የሚሆነውም በውሻ ምክንያት ነው። ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። የእንግሊዝ አገር በብዙ ድካም በ1902 ከዚህ በሽታ ነጻ ሆና ነበር፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተመለሱ ወታደሮች እጅ በስውር በገቡ ውሾች በ1918 በሽታው ተመልሶ ገባባት፤ እስከ 1922ም ድረስ አልጠፋላትም። በሽታው በአገራችን እስከ ዛሬ ያለ ስለሆነ ከእኛ ዘንድ የሚሄደው ውሻ በጥብቅ ቢመረመር የሚያስቀይም ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንግባ። በዳኝነት ሸንጎ አስቀድሞ የባለ ጉዳዩ ማንነት ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ምስክር ይሰማል። ማንነቱ ላልታወቀ ሰው የተሰጠ ምስክርነት ለማንም አይሆንም። የውሻም ወረቀት እንዲሁ ነው። ማንነቱን የሚያስታውቀው ማይክሮ ቺፕ የሚባለው ነገር ነው፤ ይኸውም የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሆኖ ከቆዳው በታች በመርፌ የሚገባ፥ ባለ 15 አኃዝ ቁጥር የያዘ ምልክት ነው። ይህ ምልክት ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት። አስቀድሞ ተከትቦ በኋላ ምልክት የገባለት ውሻ እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ ክትባቱ ለየትኛው ውሻ እንደ ተሰጠ የሚመሰክር የለምና። ደግሞም ሐኪሙ በመርፌም ሆነ በደም መውሰድ ጊዜ ሁሉ ቁጥሩን በመሣሪያ አንብቦ ከወረቀቱ ጋር ያስተያይ ዘንድ ባለቤቱ መጠየቅ ይገባዋል። አንድ አኃዝ ቢሳሳት ወረቀቱ የሌላ ውሻ ወረቀት ይሆናልና።

ሁለተኛው ክትባቱ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ቡችላ ወይም የድመት ግልገል ሲከተብ ከ12 ሳምንት ያላነሰ ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። በክትባቱ መዝገብ ላይ የመድኃኒቱ ስምና የፋብሪካው የምርት ቁጥር፥ የተሰጠበት ቀን፥ የሚያበቃበት ቀን፥ የሐኪሙ ስም፥ ፊርማና ማኅተም ሁሉ ይጻፍ። ማኅተም ብቻ ያለበት፥ ቀን የሌለበት ወረቀት የሚጠቅመው ነገር የለም።

ሦስተኛው የደም ምርመራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሽታው እንደሚገባ ተጠብቆባቸዋል ብሎ ስማቸውን በዝርዝር ያወጣቸው አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ደሙ ተወስዶ ኅብረቱ ወደ ፈቀደለት ላቦራቶሪ ይላካል። የእነዚህን ላቦራቶሪዎች ሥራ የሚቈጣጠረው በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ ያለው ተቋም ነው። በደሙ ውስጥ የሚገኘው የመከላከያ ኃይል በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ መለኪያ ማነስ የለበትም። ውጤቱ መልካም ቢሆንም እንኳ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሳይሞላ ውሻው አይገባም። ይህም መጠበቅ የታዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመከተቡ በፊት ተነክሶ በሽታውን በሰውነቱ የሰወረ ውሻ ቢኖር በዚህ ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ይገለጥ ዘንድ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ ሰው ተለይቶ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ፤ ይኸውም የቀን አቈጣጠር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ውሻ በመስከረም 1 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር በሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፥ ምልክቱንም ክትባቱንም ተቀበለ እንበል። ደሙ በጥቅምት 5 ቀን፥ ማለት በኦክቶበር 15 ቢወሰድ ከክትባቱ 34 ቀን ሆኖታልና ይበቃል። ሦስቱ ወር በእኛ አቈጣጠር በጥር 5 ቀን ይሞላል። በእነርሱ አቈጣጠር ግን እስከ ጃንዋሪ 15 ይቈጠራልና ጥር 7 ቀን ይሆናል። በጥር 6 ቀን ከአውሮፕላን የወረደ ውሻ እንግዲህ በአንድ ቀን ጉድለት ይያዛል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚቈጠረው 126 ቀን ነው፤ ስለዚህ ከአምስት ወር በፊት ያልጀመረ ሰው በእርግጥ እደርሳለሁ አይበል። ደግሞ ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ 2018 ብሎ በእኛ ዘመን ቢጽፍ የውጭ አገር መርማሪ ከሰባት ዓመት በፊት የተሰጠና ጊዜው ያለፈበት ክትባት አድርጎ ያነበዋል። እንግዲህ ቀኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ወሩም በአኃዝ ሳይሆን በስሙ ይጻፍ።

አራተኛው የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ይህን የሚሰጠው ከመንግሥት ሥልጣን ያለው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የግል ሐኪም ቢፈርመውም ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት መጽናት አለበት። ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ መግቢያው በር ላይ እስኪመረመር ድረስ የሚያገለግለው 10 ቀን ነው፤ ስለዚህ እጅግ አስቀድሞ ማውጣትም ይጎዳል። የውሻው ባለቤት ተብሎ የሚጻፈው አብሮት የሚሄደው ሰው ይሁን፤ ባለቤቱና እንስሳው ከ5 ቀን በላይ ተለያይተው ቢጓዙ ነገሩ ወደ ንግድ ሥርዓት ይዛወራልና። ባለቤት ቀድሞ የሚሄድና እመቤቲቱ ከልጆቿ ጋር በኋላ የምትከተል ከሆነ ወረቀቱ በእርሷ ስም መጻፉ ይሻላል። ወደ ፊንላንድ፥ ወደ አየርላንድ፥ ወደ ማልታና ወደ ኖርዌይ የሚገባ ውሻ ደግሞ ከኮሶ ወገን ለሆነው ኤኪኖኮከስ ለሚባለው ትል ከመግባቱ በፊት ከ24 ሰዓት በማያንስ ከ120 ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ መድኃኒት ወስዶ በወረቀቱ ላይ መመስከር አለበት።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሥርዓቱ ሌላ መሆኑን ይወቅ። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዕድሜው 6 ወር ያልሞላ ውሻ ወደዚያ አገር አይገባም። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚበዛባቸው አገሮች ጋር ስለ ተቈጠረች በዚህ የተከተበ ውሻ የሚገባው በተወሰኑ አውሮፕላን ጣቢያዎች ነው፤ በዚያም ባለ የተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ስፍራ አስቀድሞ ተይዞለት፥ ተመርምሮና እንደገና ተከትቦ ያልፋል። የደም ምርመራ ወረቀት ከሌለው 28 ቀን በባለቤቱ ወጪ ተለይቶ ይቀመጣል።

በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ውሻቸውን ይዘው አገራቸውን ሊጐበኙ ቢመጡ፥ የደም ምርመራውን ከመነሣታቸው በፊት በዚያው አስደርገው በውሻው ፓስፖርት ላይ ያስጽፉ። ይህን ያደረገ ሰው ሲመለስ ሦስቱን ወር አይጠብቅም።

ጊዜ ያጠረበት ሰው ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ የሚጽፍለት ሐኪም ይፈልግ ይሆናል። ይህ ፈጽሞ የማይገባ ነው። ሐሰቱ በተገለጠ ጊዜ ውሻው ወደ መጣበት ይመለሳል፥ ወይም በባለቤቱ ወጪ ተለይቶ ይቀመጣል፥ ሌላ መንገድ ከጠፋም ይገደላል። ሐሰቱ ሳይገለጥ ቢቀርስ? ያን ጊዜ የሚያሠጋው ከዚህ የከፋ ነው፤ በሽታውን የተሸከመ ውሻ ቢሆን አስቀድሞ የሚልሰውና የሚነክሰው የባለቤቱን ልጅ ነው። ያገሩንም ስም ያሳድፋል፤ በእውነት የተጻፈው የሌላው ሰው ወረቀት ሳይቀር ይጠረጠራልና።

እንግዲህ የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። ወደ ውጭ አገር እሄድ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ሹመቱን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ለውሻው ምልክቱን ያስገባ፤ ያስከትብ፤ ደሙንም ያስመርምር። ለአውሮፓ የተደረገ የደም ምርመራ ክትባቱ ቀኑ ሳያልፍ እየታደሰ እስከ ኖረ ድረስ ዳግመኛ አይጠየቅም፤ ክትባቱ በአንድ ቀን እንኳ ቢያልፍ ግን ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያ ይጀመራል። ሥርዓቱም የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ የሚሄዱበትን አገር ቆንሲል ጠይቆ መነሣት ይገባል። መጥኖ መደቈስ ቀድሞ ነበር እያሉ ድስት ጥዶ ማልቀስ እንዳይሆን፥ ክቡራን አንባቢዎች፥ የቀኑን ቍጥር በጊዜው ያዙ። ባይሄዱ እንኳ የተከተበ ውሻ በግቢ ውስጥ መኖሩ ለልጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ደኅንነት ነው።