ጀግና አትበሉኝ፤ ቁልፉን ስጡኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የሁለት ማኪያቶ ሒሳብ ሊከፍል መጣ። ሁለት መቶ ብር ሰጠኝ። መልሱን እየቆጠርኩ «ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኩየትረም፣ ፒሲፎርም» አልኩት። ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። «ምን አልሽኝ እህቴ?» አለኝ። ምን ልበለው? ወሬ የጀመርኩት ከራሴ ጋር ነበር፤ በመሀል ገባብኝ።

የእጅ አንጓ አጥንቶች ናቸው። በአንዱ እጅ ስምንት ናቸው፤ አራቱን ብቻ ነው ለደንበኛው የነገርኩት። በትንሿ ጣታችሁ በኩል፣ መዳፋችሁ ከአንጓው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ስትነኩት እንደ አተር ፍሬ የሚቆረቁር ነገር አለ አይደል? እሱ ፒሲፎርም ነው። ይኸው አንድ አጥንት አወቃችሁ። 205 ቀራችሁ።

ቀን ካፌ ውስጥ ካሸር ነኝ፤ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 10 ሰዓት። ማታ ነርሲንግ እማራለሁ፤ ከ11፡30 እስከ ምሽቱ 2፡30። የዚህ ሴሚስተር ራስ ምታቴ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ የሚለኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሥራም ትምህርትም! አንቺ ጀግና ነሽ!» መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ግን ቃሉን ስሰማ የሆነ ነገር ሊነፍጉኝ የመጡ ይመስለኛል። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው፤ ካሸር ነኝና ሒሳብ እወዳለሁ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ያደርገዋል፤ እኔም ያንኑ እሠራለሁ። ትምህርት ከሰኞ እስከ ዓርብ 15 ሰዓት። ታክሲ ከነሰልፉ በቀን 3 ሰዓት በ6 ቀን 18። ይህ ብቻ 81 ሆነ። በቀን 8 ሰዓት ልተኛ ካልኩ 56 ሰዓት ይሄዳል። የቀረው 31 ነው። ከ31ዱ ሰዓት ውስጥ ምግብ አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ የእናቴ ወገብ አለ፣ የጎረቤት ለቅሶ አለ። (ለቅሶ በፈተና ሳምንት ካልሆነ የማይመጣ ይመስላል።) ጥናት እንግዲህ ከእነዚህ ተርፎ በሚገኘው ነው። የማይቀነሰው ሁሉ ሲደመር ሊቀነስ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እንቅልፍ።

እንቅልፍ ደግሞ ራሱ የፈተናው አካል ነው። ጉድ እኮ ነው። ሂፖካምፐስ የሚባለውን፣ በቅርጹ ምክንያት በባሕር ፈረስ ስም የተሰየመውን የአንጎል ክፍል ያጠናሁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ገጹ የሚለው ቀን የተማርነው ነገር በዚህ ክፍል ተይዞ እንደሚቆይና ስንተኛ ወደ ዘላቂው ማኅደር መሸጋገሩ እንደሚጠናከር ነው። እንቅልፍ ለትምህርት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ እንቅልፌን ሰዋሁ። በማግስቱ ስሙን እንኳ ረስቼው ነበር፤ «ያ ፈረሱ» ብቻ ነው ትዝ ያለኝ።

ቡናስ? ትሉኝ ይሆናል። የምሠራው ካፌ ውስጥ ነው፣ ቡና አልቸገረኝም። ነገር ግን ቡና ጉልበት አይሰጥም፤ ይህን ከተማርኩ ወዲህ ስኒውን በሌላ ዓይን ነው የማየው። አንጎላችን ነቅቶ ሲውል አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን በሕዋሶቹ ላይ የተዘጋጀለትን ወንበር ሲይዝ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን የሚያደርገው ወንበሩን ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት በታክሲ መስኮት ዘሎ እንደሚገባው ጎረምሳ። ሰልፈኛው ግን የትም አልሄደም። እዚያው ቆሟል፤ ሰልፉም እየረዘመ ነው። ጎረምሳው ሲወርድ ሁሉም በአንዴ ይጋፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በካሸር ወንበሬ ላይ ሳንጎላጅ ካያችሁኝ ሰልፉ እየገባ ነው ማለት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሥራው ራሱ የረዳኝ ነገርም አለ፤ ሳልፈልግ። ካሸር ላይ መጽሐፍ መግለጥ አይቻልም። ስለዚህ ማታ ያየሁትን ከጭንቅላቴ እየጎተትኩ በደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። አስራ ሁለቱን የራስ ቅል ነርቮች የያዝኳቸው እንደዚህ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይላል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ስለዚህ ደብተር ላይ አፍጥጦ ማደር ሰነፍ መንገድ ነው፤ የደከመው ዓይናችን ግን ጥናት ይመስለዋል። ታክሲ ውስጥም በራሴ ድምፅ ጥያቄ ቀድቼ በጆሮ ማዳመጫ እጠይቀኛለሁ። አጠገቤ ለሚቀመጡ ሁሉ ይቅርታ፤ ከንፈሬ የሚንቀሳቀሰው አብጄ አይደለም።

እና ጀግና መባሉ ምን ከፋኝ? አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

አክስቴ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ስትራመድ ጫማዋ መሬቱን ይጠርጋል፤ ከሩቅ በድምፁ ነው የምናውቃት። ልጅ ሆና፣ በገጠር፣ አተኩሷት መርፌ ተወጋች። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ እግሯ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ላይ መነሣት አቃተው። ቤታችን ውስጥ ነገሩ «መርፌ መታት» ነው የሚባለው። ዕጣ ፈንታ እንጂ ምክንያት ያለው ነገር መሆኑን ያሰበ አልነበረም። እኔም እንደዚያው።

የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ሳያቲክ ነርቭ እንዳይጎዳ በመቀመጫ ላይ መርፌ የሚወጋው የት ነው? ምርጫው በእንግሊዝኛ ነበር። «አፐር አውተር ኳድራንት» የምትለዋን ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ አከበብኩ። ሃንድአውቱ ላይ በደማቁ የተጻፈች ናት፣ ሸምድጃታለሁ። ወደ ሌላው ጥያቄ አለፍኩ። ፈተናው አልቆ ታክሲ ውስጥ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ የአክስቴ ጫማ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ሳያቲክ ከነርቮቻችን ሁሉ ወፍራሙ ነው። ወገብ አካባቢ ከአምስት ሥሮች ተጠራቅሞ፣ በመቀመጫችን ውስጥ አልፎ እግር ይወርዳል። መቀመጫውን በሐሳብ መስመር አራት ቦታ ብትከፍሉት፣ ከላይ በውጭ በኩል ያለው ሩብ ከነርቩ መንገድ ይርቃል፤ በውስጥ በኩል ከታች ያለው ግን መንገዱ ላይ ነው። (አሁን ብዙ የነርሲንግ መጻሕፍት መቀመጫውን ትተው የዳሌውን ጎን ይመርጣሉ።) መርፌው ነርቩን ካገኘው የእግርን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች ትእዛዝ ያጣሉ። እግሩ ይወድቃል። ጫማው መሬት ይጠርጋል። አርባ ዓመት «መታት» ያልነው ነገር ሙሉ ታሪኩ አንዲት የምርጫ ጥያቄ ውስጥ ነበር። እኔም መልሱን አግኝቻለሁ፤ ነጥብም ተሰጥቶኛል። ግን ያን ማታ አክስቴ ፊቴ ተኝታ መርፌ ብታስይዙኝ፣ ያቺ ሩብ ከየት ተነሥታ የት እንደምታልቅ በእጄ ላሳያችሁ አልችልም ነበር። ቃሏን ነው የማውቃት፤ ቦታዋን አላውቃትም።

ለምን አላውቃትም? ሞዴል ነክቼ ስለማላውቅ። ኮሌጃችን ውስጥ የአጽም ሞዴል አለ፣ የጡንቻም አለ፣ የሚፈታ የሚገጠም ልብም አለ ይባላል። የሚቀመጡት ቁልፍ ባለው ክፍል ነው። ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ ክፍል የሚጀምረው 11፡30 ነው። አስቡት፤ በእኛና በዳሌ አጥንት መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሰዓት ነው። የቀን ተማሪዎች የሚያዩትን እኛ በፎቶኮፒ እናየዋለን፤ ፎቶኮፒው ደግሞ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው፤ ኩላሊቱም ጉበቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ደመና ሆነዋል። ክፍያችን ግን አልጠቆረም።

መምህራችንን ልውቀስ? አልችልም። ቀን ሆስፒታል ሠርተው ነው የሚመጡት። ሃንድአውቱን በእንግሊዝኛ ያነቡልናል፣ እኛ እናዳምጣለን፣ አንዳንዴ ሁለታችንም ወገን ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደናል። አንድ ማታ «ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ታጣራለች» ብለው ዝም አሉ። እያሰቡ መሰለን። ዓይናቸው ተከድኖ ነበር። ማንም አልሳቀም። እሳቸውም ጀግና ይባላሉ መሰለኝ።

አለቃዬንም ልወቅስ ብዬ ነበር፣ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ከዐሥር ቀን በፊት ካወቀ ሺፍት ያቀያይርልኛል፤ አድርጎትም ያውቃል። ችግሩ የፈተናው ቀን በቴሌግራም የሚነገረን ሦስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ማን ይቀይርልኛል? ያቺው የሥራ ባልደረባዬ፣ እሷም የማታ ተማሪ ናት፣ አካውንቲንግ። የእሷ ፈተና ደግሞ በዚያው ሳምንት።

«እንግዲያው ሥራውን ተይው» የሚሉኝ አሉ። ሥራውን ብተወው ክፍያውን ማን ይከፍላል? «የማታ ተማሪ ወረቀት ፈላጊ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ወረቀቱን እፈልገዋለሁ። የቀኑ ተማሪ አይፈልገውም እንዴ? የብቃት ምዘናው፣ ያ ሲኦሲ የምንለው፣ ስንቀርብ የቀን ነሽ የማታ ነሽ ብሎ አይጠይቅም። በሽተኛውም አይጠይቅም። ክንዱን ወይም መቀመጫውን ይሰጣችኋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ያምናችኋል። አክስቴም ያኔ ፊቷን አዙራ ነበር።

ጀግና የሚለው ቃል የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ጀግና ካላችሁኝ በኋላ የሚጎድለኝን አትጠይቁኝም፤ ጀግና እንደሆነ ይወጣዋላ! እንቅልፍ ማጣቴ መመስገኛዬ ሆነ፣ የተቆለፈው በርም የጀግንነቴ ማድመቂያ። እኔ ደግሞ መወጣት አልፈልግም። በሳምንት ሁለት ማታ ያ ክፍል እስከ 2፡30 ይከፈት፤ ለቁልፍ ያዡ የትርፍ ሰዓት ይከፈለው፤ የፈተና ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነገረን። ከዚህ ውስጥ አዲስ ሕንጻ የሚያሠራ ምን አለ? ይህን ለኮሌጁ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርበናል፣ አሥራ ሰባት ሆነን ፈርመን። «የእናንተ ትጋት ለሌሎች አርአያ ነው» የሚል የቃል መልስ አግኝተናል።

የማጠቃለያው ፈተና ሰኞ ነው። ዓርብ ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግሬ 9 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጣሁና ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር በቀጥታ ወደ ኮሌጁ። ቁልፍ ያዡ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዳሌውን እንይ።»

«የቀን ናችሁ?»

«የማታ።»

«ለማታ አልተፈቀደም፤ ልጆቼ፣ እኔ ላይ ነው የሚመጣው።»

አልሄድንም። ዝም ብለን ቆምን። ጓደኛዬ ከምሳ ዕቃዋ ዳቦ አውጥታ ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ እምቢ አሉ፣ ከዚያ ተቀበሉ። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ከፈቱልን። «ዐሥር ደቂቃ» አሉ።

የፕላስቲክ ነው፣ አንዱ ጠርዙ ተሰብሯል። ከመደርደሪያው አውርጄ ያዝኩት። ከፎቶኮፒው ይልቅ ይከብዳል። ከኋላ በኩል ሳያቲክ ነርቭ የሚወጣበትን ጉድጓድ ፈለግሁ፤ አውራ ጣቴን ስከተው ልክ ሆነ። ከዚያ ሌላኛውን እጄን በራሴ ዳሌ ላይ አድርጌ የላይኛውን ጠርዝ ዳበስኩ፣ በውጭ በኩል ወረድኩ፣ ቆምኩ። ጓደኛዬን «ዙሪ» አልኳት፣ በእሷም ላይ ፈለግሁት፣ አገኘሁት። እሷም በእኔ ላይ። ስንሳሳት እየተሳሳቅን፣ እንደገና ከጠርዙ እየጀመርን።

ሦስተኛውን ስንጀምር ቁልፉ ሲንኳኳ ሰማን። «በቃ ልጆች፣ ልዘጋ ነው።»