የቤተሰብ አምድ፦ ወረቀቱና ድንጋዩ ይተዋወቃሉን?

እንደሚታወቀው ጥር የሠርግ ወር ነው። ወሩ በተቃረበ ቁጥር ከጦር ሰፈራችን ወጣቶች መካከል ጥቂት የማይባሉት ከደመወዛቸው የቆጠቧትን ገንዘብ ቋጥረው፣ ድንበሩን አልፈው፣ ለቀለበት ግዥ ወደ ኬንያዊቷ ሞያሌ ይሻገራሉ። በወላጆቻችን ዘመን ይጠየቅ የነበረው የወርቁ ግራም ብቻ ነበር። አሁን ግን «የአልማዝ ፈርጥ ያለበት» የሚባል ቀለበት፣ በላስቲክ ከተሸፈነ የምስክር ወረቀት ጋር፣ በደላላ እጅ ሲቀርብ እንሰማለን። በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ወረቀት ልንወያይ የተነሣነው አንድ ወጣት አሥር አለቃና እጮኛው የደረሰባቸውን ካጫወቱን በኋላ ነው።

አሥር አለቃው ለሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ከእጮኛው ጋር ይሻገራል። ደላላው ቀለበቱን ከነወረቀቱ ያቀርባል። በወረቀቱ ላይ ክብደቱ 0.50 ካራት፣ ቅርጹ ክብ፣ ስፋቱም 5.1 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ተጽፏል። ወጣቱ ገንዘቡን ሊቆጥር ሲል እጮኛው እጁን ያዘችው።

«ወንድሜ፣ ወረቀቱ እያለ ምን ያጠራጥራችኋል?» አለ ደላላው።

«ወረቀቱማ አለ፤ የዚህ ድንጋይ ወረቀት መሆኑን ማን ይንገረን?» አለች።

ልጅቱ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት። በእርሷ ሥራ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ሳይመሳከር ርክክብ አይፈጸምም። ከብዙ ክርክር በኋላ በአቅራቢያው ወዳለ ወርቅ ሠሪ ሄደው ፈርጡን በካሊፐር ቢያስለኩት 6.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ስፋት ያለው ክብ አልማዝ በተለመደው አቆራረጥ 0.9 ካራት ገደማ ይመዝናል። የካራት ዘጠኝ ዐሥረኛውን የሚያህል አልማዝ በግማሽ ካራት ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ የለም። ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሌላ ድንጋይ ወረቀት ነበር። ሁለቱም ገንዘባቸውን እንደ ቋጠሩ ተመለሱ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እንነሣ። «ካራት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለወርቅ ሲሆን የንጽሕና መለኪያ ነው፤ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ሲሆን፣ 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ማለት ነው። በዕቃው ላይ 750 የሚል ማኅተም የሚደረግበትም ስለዚህ ነው። ለድንጋይ ሲሆን ግን ካራት ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ አምስት ካራት አንድ ግራም ይመዝናል። ስለሆነም «18 ካራት የአልማዝ ቀለበት» የሚል ሻጭ የሚነግረን ስለ ወርቁ እንጂ ስለ ድንጋዩ አይደለም።

አልማዝን በደረጃ የመመደብ ሥርዓት ዛሬ በዓለም የታወቀበትን መልክ የያዘው በአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም አማካይነት ነው። ይህ ጂ አይ ኤ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1931 በሮበርት ሺፕሊ የተመሠረተ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን የአልማዝ ደረጃ ወረቀቶች ያወጣው በ1955 ነው። የሚመዘኑትም አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ክብደት ሲሆን እስከ ካራት መቶኛ ድረስ ይጻፋል። ሁለተኛው ቀለም ነው፤ ከእንግሊዝኛው ፊደል «ዲ» ጀምሮ እስከ «ዜድ» ይወርዳል፤ «ዲ» ፍጹም ቀለም የለሽ ሲሆን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ቢጫነቱ ወይም ቡናማነቱ እየጎላ ይሄዳል። ሦስተኛው ጥራት ነው፤ ድንጋዩ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ታይቶ፣ እንከን ከማይገኝበት «ኤፍ ኤል» አንሥቶ እንከኑ በዓይን ብቻ እስከሚታይበት «አይ 3» ድረስ በ11 ደረጃ ይመደባል። አራተኛው አቆራረጥ ነው፤ ይህም የድንጋዩን ብርሃን የሚያወጣው የባለሙያው ሥራ ነው። ለክብ አልማዝ ከ«ኤክሰለንት» እስከ «ፑር» አምስት ደረጃዎች አሉት። በክብደቱ ብቻ ተማርኮ አቆራረጡ የከፋ ድንጋይ የገዛ ሰው፣ ትልቅ ነገር ግን የደበዘዘ ፈርጥ ይዞ ይገባል።

ወረቀቱ የማይናገረውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የደረጃ ወረቀት የዋጋ ግምት አይደለም፤ ስለ ሻጩ ታማኝነትም አይመሰክርም።

ሌላው ሊስተዋል የሚገባው «ተፈጥሯዊ» ወይም «በላቦራቶሪ የተሠራ» የሚለው ቃል ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 አልማዝን በፋብሪካ ከሠራ ወዲህ ጥበቡ እጅግ አድጓል። በላቦራቶሪ የተሠራው አልማዝ በይዘቱ እውነተኛ አልማዝ ነው፤ ዋጋው ግን ከተፈጥሯዊው በብዙ ያነሰ ነው። ይህን አውቆ በተገቢው ዋጋ የሚገዛ ሰው አልተታለለም፤ የሚታለለው ሳይነገረው የገዛው ነው። ኩቢክ ዚርኮኒያና ሞይሳናይት ግን ከናካቴው አልማዝ አይደሉም። ሞይሳናይት በሙቀት ብቻ የሚፈትነውን ትንሽ መሣሪያ እንኳ ሊያታልል ይችላል። መስታወት መጫርም ማስረጃ አይሆንም፤ ተራው ኳርትዝም መስታወት ይጭራልና። በመዶሻ ልፈትነው የሚል ካለ ደግሞ እውነተኛውን አልማዝ ይሰብረዋል፤ ጥንካሬው ለመጫር እንጂ ለመመታት አይደለም።

ታዲያ ገዢ ምን ያድርግ? አንደኛ፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በተቋሙ የመረጃ መዝገብ በስልክ ይመልከት። ሁለተኛ፣ የብዙ ድንጋዮች ቁጥር በወገባቸው ዙሪያ በጨረር ስለሚጻፍ፣ በማጉያ መነጽር አስነብቦ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። ሆኖም በሐሰት የተቀረጸ ቁጥር ያለባቸው ድንጋዮች ስለተገኙ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ሦስተኛ፣ ስፋቱን በሚሊ ሜትር ያስለካ፤ ድንጋዩ ከቀለበቱ ያልተገጠመ ከሆነም ክብደቱን ያስመዝን። አራተኛ፣ ሻጩ ደረሰኝና የመመለሻ ጊዜ በጽሑፍ ካልሰጠ ግዥውን ይተው። የገዛም ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ዕቃውን ለጉምሩክ አሳውቆ ይለፍ።

በመጨረሻ አንድ ምክር እንጨምር። ወርቅ በቸገረ ቀን በግራም ተመዝኖ ይሸጣል። አልማዝን ግን በገዙበት ዋጋ መልሶ መሸጥ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ተቀማጭ የሆነውን ገንዘብ በፈርጥ ላይ ከማዋል በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንድ ቀን መታገሥ የሁለት ዓመት ቁጠባን ያድናል።

አሥር አለቃውና እጮኛው በመጨረሻ ፈርጥ የሌለው የወርቅ ቀለበት አሠርተው፣ በተረፈው ገንዘብ አልጋና ቁም ሣጥን ገዝተዋል። «አልማዙስ?» ብለን ብንጠይቀው፣ ወጣቱ ወደ እጮኛው እየተመለከተ፣ «እኔ አልማዜን ያገኘሁት ያን ቀን እጄን ስትይዘኝ ነው» አለን። ጋብቻቸው የሰመረ ይሁን እያልን እስከ ሳምንት እንሰናበታችኋለን።